በሩ ሲዘጋ የምንባባለው

ቃለ መጠይቁ አልቆ፣ «አመሰግናለሁ» ብለሽ በሩን ከዘጋሽ በኋላ ውስጥ የቀረነው ሰዎች ምን እንደምንባባል ማንም አይነግርሽም። እኔ ልንገርሽ። አንቺ ከጌዴኦ፣ ከወርቃ ተነስተሽ፣ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር ሳይንስ ጨርሰሽ፣ አሁን አዲስ አበባ ሲቪ ይዘሽ የምትዞሪ እህቴ ነሽ፤ እኔ ደግሞ ከጠያቂዎቹ ወገን ከሚቀመጡት አንዱ ነኝ። ከማን እንደሰማሽው አታውሪ እንጂ የሰማሽውን ተጠቀሚበት።

ሲቪሽ ላይ የደረደርሻቸውን የፕሮግራም ቋንቋዎች አንቆጥርም። ጃቫም ፓይተንም ፍላተርም ሁሉም ሰው ይጽፋል፤ ግማሹን ዩቲዩብ ላይ ጀምሮ የተወው እንደሆነም እናውቃለን። በሩ ሲዘጋ ከመካከላችን አንዱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨር ሲወድቅ በሌሊት የሚደወልለት ሰው፣ «ሲስተሙን ለእሷ ትተን መተኛት እንችላለን?» ይላል። ክርክሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው። በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ የወጣ ልጅ በዚህች ጥያቄ ሲወድቅ፣ መካከለኛ ያመጣው ደግሞ ሲያልፍ አይቻለሁ።

በ2016 ዲላ ግቢ ከነበርሽ ጥያቄው ለምን እንደሚያስጨንቀን ይገባሻል። መጋቢት 7 ቀን 2016፣ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ደንበኞች ሂሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ እንዲያወጡ መፍቀድ ጀመረ። ወሬው በዩኒቨርሲቲዎች ዶርም እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። ከሌሊቱ 6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ጓደኞቹ ገንዘብ እንዳገኙ አንድ የዲላ ተማሪ ለቢቢሲ ተናግሯል። ባንኩ ግብይቱን በሙሉ እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ። የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ በኋላ እንደገለጹት ወደ 490 ሺህ የሚጠጉ ግብይቶች ተካሂደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ወጥቷል። አብዛኛው ገንዘብ ተመልሷል፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ግን በአደባባይ ተለጠፈ።

አገሩ ሁሉ «ተማሪዎቹ ሌቦች ናቸው ወይስ አይደሉም?» ሲል ከረመ። የእኛ ሙያ ሰዎች ያወራነው ሌላ ነገር ነው። በወቅቱ የወጣው መግለጫ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ላይ ነው ይላል። መደበኛ ሥራ! ድንገተኛ አደጋ ላይ ሰው ሁሉ ነቅቶ ይሠራል። በየሳምንቱ የምንነካካው፣ እጃችን የለመደው ነገር ላይ ነው የምንዘናጋው። ከዚያ በኋላ ባየኋቸው ቃለ መጠይቆች ሁሉ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ «የቀየርሽው ነገር ሌሊት ላይ ቢበላሽ በስንት ደቂቃ ትመልሽዋለሽ?»

መልሱን ሸምድደሽ ልትመልሺው አትችዪም፤ ከልማድሽ ነው የሚወጣው። ከሁሉ በፊት፣ ለውጥ ስታደርጊ ትንሽ ትንሹን አድርጊ። የአንድ ወር ሥራ በአንድ ጊዜ የምትጭን ሰው የቱ መስመር እንዳበላሸባት አታገኘውም። መመለሻውን ደግሞ ከመሄድሽ በፊት እወቂ። «ባክአፕ አለን» የሚል ሰው ሞልቷል፤ «ባክአፑን ባለፈው ወር መልሼ አንስቼው ሠርቷል» የሚል ሰው ስናገኝ ግን እርስ በርስ እንተያያለን። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምንም አትጫኚ። አለቃ ቢጫንሽም «ሰኞ ጠዋት እጭነዋለሁ» በይ። ይህን የሚል ጁኒየር ፈሪ ነው ብለን የምናስብ ይመስልሻል፤ በሩ ሲዘጋ የምንለው ተቃራኒውን ነው።

ጊትሀብሽን ከፍተን እናያለን። ኮዱን ከማየታችን በፊት የምናየው ኮሚቶቹን ነው። «አፕዴት»፣ «ፊክስ»፣ «ፋይናል»፣ «ፋይናል ሁለት» የሚሉ መልእክቶች ተደርድረው ካገኘን ይህች ልጅ ከስድስት ወር በኋላ የራሷን ሥራ ራሷም አታነበውም እንላለን። ምን እንደቀየርሽ ኮዱ ራሱ ያሳያል፤ መልእክቱ ላይ ለምን እንደቀየርሽው ጻፊ። ጊት ደግሞ እንደኛ አገር ላለ ሰው የተሠራ እስኪመስል ይመቻል። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሠራው ሙሉ ታሪኩ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ እንዲቀመጥ አድርጎ ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሳይኖር ኮሚት ታደርጊያለሽ፣ ሲመጣ ትልኪያለሽ። ስለዚህ «ኢንተርኔት ስላልነበረ የሦስት ቀን ሥራዬን በአንድ ኮሚት ላክሁት» የሚለውን ምክንያት ማንም አይቀበልሽም። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኮሚት የማድረግ ልማድ ያላት ልጅ ከእኛ ዘንድ ትልቅ ዋጋ አላት።

ቻትጂፒቲ መጠቀምሽን አንቃወምም፤ ሁላችንም እንጠቀማለን። ግን ከላክሽው ኮድ አንድ መስመር መርጠን «ይህቺ ምን ትሠራለች? ብናወጣትስ ምን ይሆናል?» ብለን መጠየቃችን አይቀርም። ዝም ካልሽ እዚያው ላይ ያበቃል።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። ወርቃን ሲቪሽ ላይ ደብቀሽዋል። የትውልድ ቦታ «ዲላ» ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ ከዚያ የራቀው ቦታ የሚያሳፍር መስሎሽ። ወርቃ ሳካሮ፣ ወርቃ ጨልበሳ የሚሉት ስሞች ውጭ አገር ቡና ቆልተው በሚሸጡ ሰዎች ከረጢት ላይ ታትመው በውድ ይሸጣሉ። ዛሬ ደግሞ ከቡና ጋር የተያያዘ ሶፍትዌር ከሚፈለግባቸው ምክንያቶች አንዱ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ደጋግሞ ተገፍቷል እንጂ ጥያቄው አልተለወጠም፦ ቡናው ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ ያልበቀለ መሆኑን አሳዩ፤ የእያንዳንዱን ማሳ መገኛ ላኩ። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው ይለካል፣ ካነሰ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ነጥቡ ግን ከአስርዮሽ ምልክቱ በኋላ ቢያንስ ስድስት አሃዝ ሊኖረው ይገባል።

ስድስት አሃዝ ማለት መሬት ላይ 11 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ስልኩ ስድስት አሃዝ ስለሰጠው ትክክለኛ ነጥብ ያገኘ ይመስለዋል። አንቺ ግን የጌዴኦን ማሳ ታውቂዋለሽ። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. የዓለም ቅርስ ብሎ የመዘገበው ያ መሬት ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ቡናና እንሰት ነው። እንደዚያ ባለ ጥላ ሥር ስልክ በብዙ ሜትር ይስታል፤ ማሳዎቹም ትንንሽ ስለሆኑ ነጥቡ ጎረቤት ጓሮ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ይህን የምታውቅ ልጅ ስልኩ ነጥቡን ሲሰጥ አብሮ የሚናገረውን የስህተት መጠን ጭምር ትመዘግባለች፤ ከልክ ካለፈ «ትንሽ ገለጥ ወዳለ ቦታ ሂድና ድገም» የሚል መልእክት ታወጣለች። ይህን ከኮርስ አትማሪውም፤ ማሳው ውስጥ ስላደግሽ ነው የምታውቂው።

የቡና ማጠቢያ ጣቢያውንም አስቢው። ከጥቅምት እስከ ጥር እሸት ቡና ቀን ተለቅሞ ወደ ማምሻው ይመጣል፤ በዚያው ቀን መፈልፈል አለበት። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ሚዛኑ አንድ ነው፣ ኔትወርኩ ይመጣል ይሄዳል። ሚዛን ላይ የተቀመጠው ልጅ «ላክ» የሚለውን ተጭኖ መልስ ሲያጣ ደግሞ ይጫናል። ፕሮግራምሽ ሁለተኛውን እንደ አዲስ ከቆጠረው አንድ ገበሬ የሁለት ጊዜ ዋጋ በላ ማለት ነው፤ ሂሳብ ሲተሳሰር የሚጠየቀው ግን ያ ልጅ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ምዘና ገና ስልኩ ላይ ሲመዘገብ የራሱ መለያ ቁጥር ይሰጠው፤ ያው ቁጥር ደግሞ ሲመጣ ሰርቨሩ «ይዤዋለሁ» ብሎ ይለፈው። በቃለ መጠይቅ ስለዚህ ጉዳይ ስንጠይቅ ስሙን በእንግሊዝኛ የሚነግሩን ብዙ ናቸው። የሰልፉን ታሪክ አንስታ የምታስረዳን ብትገኝ የዚያኑ ቀን እንቀጥራታለን።

የስም ጉዳይም አለ። ቅጹ ላይ «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» ብለሽ ሁለት ሳጥን ብቻ ካስቀመጥሽ ሰዎች ይምታቱብሻል፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ስሙም የአባቱም ስም አንድ የሆነ ስንት ሰው እንዳለ አንቺ ታውቂያለሽ፤ የአያት ስም ግዴታ ነው። የጌዴኦ ቋንቋ ጌዴኡፋ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ የቋንቋው ስም ራሱ ሲጻፍ በመካከሉ ነጠላ የጥቅስ ምልክት ይገባል። በግዴለሽነት በተጻፈ የዳታቤዝ ትእዛዝ ውስጥ ደግሞ ያ ምልክት የጽሑፍ ማብቂያ ነው፤ ፕሮግራሙ ይወድቃል ወይም ለሌባ በር ይከፍታል። በአማርኛ ሲሆን «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ ሲፈለግ ይጠፋል። ቀኑም እንዲሁ ነው። ዳታቤዙ ውስጥ ጊዜን በአንድ ዓለም አቀፍ አቆጣጠር ብቻ አስቀምጪ፤ ወደ እኛ ቀንና ሰዓት የምትቀይሪው ስክሪን ላይ ስታሳዪ ነው። ከዚያም ጳጉሜን 6 ላይ ፈትኚው። በ2015 ነበረች፣ በ2019 ትመጣለች፤ ያን ቀን «የተሳሳተ ቀን» ብሎ የሚመልስ ሲስተም እንዳይኖርሽ።

እንግዲህ ስለ ይሉኝታ ላንሳ፤ ጎበዝ ልጆቻችንን የሚያስቀርብን እሱ ነው። አለቃ ሲያዝ «እሺ፣ ነገ ያልቃል» ይባላል። ነገ ይመጣል፣ አያልቅም፣ ልጁ ከአለቃው ዓይን ይሸሻል። እኛ ውስጥ ሆነን የምንፈራው የዘገየ ሰው አይደለም፤ መዘግየቱን ደብቆ ዴድላይኑ ቀን የሚነግረንን ነው። ረቡዕ ላይ «ይህ እስከ ዓርብ አይደርስም፤ ይህን ብቀንስ ግን ይደርሳል» ብትይ የሚቆጣሽ አለቃ ይኖር ይሆናል፤ ለቀጣዩ ትልቅ ሥራ ግን ያንቺን ስም ነው የሚጠራው። ስትጠይቂም እንዲሁ። «አልሠራ አለኝ» ብለሽ የሲኒየር በር አታንኳኪ። ምን እንዳሰብሽ፣ ምን እንደሞከርሽ፣ ምን እንዳየሽ በሦስት መስመር ጻፊ። በግማሹ እየጻፍሽ ሳለ መልሱ ይመጣልሻል፤ ካልመጣም ሲኒየሩ በደስታ ይቀመጣል።

ኮድ ሪቪው ላይ ደግሞ አንድ የሠፈር ምስጢር አለ። በዕድሜ ወይም በልምድ የሚበልጠን ሰው ኮድ ላይ ስህተት ስናይ ብዙዎቻችን «አሪፍ ነው» ብለን እናሳልፋለን። ጋሼ የሚባል ሰው ፊት እንዴት ይነገራል? ይነገራል፤ በጥያቄ መልክ። «ኔትወርኩ እዚህ ጋ ቢቋረጥ ምን ይሆናል?» ብለሽ ጠይቂ። ማንም ፊቱ አይቀላም፤ ባጉም ይወጣል።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። ማስታወቂያው ላይ «ደመወዝ በስምምነት» ሲል ገደቡ ቀድሞ ተወስኗል፤ ስምምነት የሚባለው ከዚያ ገደብ የቱ ጫፍ ላይ እንደምትወድቂ ነው። ስለዚህ «ለዚህ ቦታ የያዛችሁት ከስንት እስከ ስንት ነው?» ብለሽ ቀድመሽ ጠይቂ። የነገሩሽ ቁጥር የተጣራ ይሁን ያልተጣራ አረጋግጪ፤ 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ የገቢ ግብሩ የመጨረሻ እርከን ደግሞ 35 በመቶ ነው። ኦርጅናል ዲግሪሽን በመያዣነት አስቀምጪ የሚል ቤት ካጋጠመሽ ኮፒውን ሰጥተሽ ውጪ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ለመልቀቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ፤ የሥራ ልምድ ማስረጃም ስትጠይቂ ሊሰጡሽ ይገባል።

በእነዚያ 30 ቀናት የምትሠሪውን ግን ሕጉ አይነግርሽም። ሲስተሙ እንዴት እንደሚነሳ፣ የት የት እንደሚያስቸግር፣ ያልጨረስሽው ምን እንደሆነ ጽፈሽ ለተተኪሽ ስጪ። አዲስ አበባ ውስጥ የእኛ ሙያ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። እኛ ልንቀጥርሽ ስናስብ ሲቪሽ ላይ ለጠቀስሻቸው ምስክሮች ብቻ አይደለም የምንደውለው፤ ካንቺ በኋላ ወንበርሽ ላይ የተቀመጠውን ልጅ ፈልገን «ስትሄድ ምን ትታልህ ሄደች?» እንለዋለን።