የልደታ ሰፈር ዋንጫና የሜዳው ነገር

ሰው ስድስት ቀን ሠርቶ በሰባተኛው ቀን ማረፍ እንደሚገባው የታወቀ ነው። ነገር ግን ዕረፍት ማለት መተኛት ብቻ አይደለም፤ ሐሳብን ከዘወትር ሥራ መልሶ መልካም ነገር ወደሚታይበት ስፍራ መውሰድም ዕረፍት ነው። እኔ ዕድሜዬን በቤተ ክህነት ትምህርትና በመሥሪያ ቤት ወረቀት መካከል ያሳለፍሁ ሰው ስለ ሆንሁ፥ የእግር ኳስ ለማየት ቀን መስጠት ልማዴ አልነበረም። ባለፈው እሑድ ግን የእኅቴ ልጅ «ጋሼ፥ ዛሬ የሰፈራችን ዋንጫ ፍጻሜ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ መጥተው ይዩን» ብሎ ስለ ለመነኝ፥ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት አረፍ ብዬ፥ ነጠላዬን እንደ ለበስሁ ወደ ልደታ ሄድሁ። በዚያም ያየሁት ነገር ለአንባቢ ሊነገር የሚገባው ሆኖ ስላገኘሁት ይህን ጻፍሁ።

ልደታ ስሙን ያገኘው በዓሏ ግንቦት 1 ቀን ከሚከበረው ከልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ቀድሞ በዚህ ወገን ሰፊ ሜዳ ነበረ። በልደታ ስም ይጠራ የነበረው የአውሮፕላን ማረፊያ፥ የቦሌው እስኪከፈት ድረስ የአዲስ አበባ የአየር በር ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር አውሮፕላኖቹ ይነሡና ያርፉ የነበረው በዚያ ነው። ዛሬ የቀድሞዎቹ የጭቃ ቤቶች በብዛት ፈርሰው በስፍራቸው ፎቆች ቆመዋል፤ ከ2008 ዓ.ም. ወዲህም የከተማው ባቡር በመካከሉ አልፏል። ይህ ሁሉ ልማት ነውና የሚጠላው የለም። ነገር ግን አውሮፕላን ያርፍበት በነበረው ወገን፥ ዛሬ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉበትን ስፍራ ፈልገው ሲዞሩ ማየት ልብን ያሳዝናል።

ጨዋታው የሚደረግበት ሜዳ ከፎቆች በስተ ኋላ የቀረ ባዶ መሬት ነው። ሣር የለውም፤ አፈሩ ቀይ ነው። የሜዳው ወሰን በሰጋቱራ ተሠምሯል። ግቡ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ብረት ሲሆን መረብ የለውም። በአንደኛው ማዕዘን አሸዋና ብሎኬት ተከምሮ ስለ ነበር፥ በዚያ በኩል የሚሮጥ ተጫዋች ሁሉ ክምሩን እየዞረ ያልፍ ነበር። ዋንጫው ከሰፈሩ ሰው በተዋጣ ገንዘብ የተገዛ ነው፤ በአንድ ወንበር ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀምጦ ነበር። በዙሪያውም እናቶች፥ ሽማግሌዎች፥ ቆሎ የሚሸጡ ልጆችና ከሥራቸው ያረፉ የቀን ሠራተኞች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ይጠባበቁ ነበር።

በአገራችን የእግር ኳስ ሥርዓት ፕሪሚየር ሊግ፥ ከፍተኛ ሊግ፥ አንደኛ ሊግ እየተባለ በደረጃ ተመድቧል። እነዚህ ሁለት ቡድኖች ግን ከእነዚህ በአንዱም ውስጥ አይቈጠሩም። አንደኛው የላይ ሰፈር፥ ሁለተኛው የታች ሰፈር ይባላል እንጂ ሌላ ስም የላቸውም። ዳኛቸው በሥራው ልብስ ሰፊ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው የመረጡት ስለ ሆነ ሁሉም ይታዘዘዋል። ይህን ባየሁ ጊዜ የአባቶቻችን የበላ ልበልሃ ሙግት ትዝ አለኝ፤ በዚያ ዘመን ሁለት ባለ ጉዳዮች መንገደኛውን አቁመው «ፍረደን» ይሉት፥ እርሱም ተቀምጦ ይፈርድ ነበርና።

ጨዋታው በ9 ሰዓት ተጀመረ። ሜዳውን ሌሎች ልጆች ስለሚጠብቁት እያንዳንዱ አጋማሽ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ እንዲሆን ተቈርጦ ነበር። ኳሷ አንዲት ብቻ ነበረች፤ በቆርቆሮው አጥር ላይ አልፋ በሄደች ቍጥር አንድ ልጅ ዘሎ እስኪያመጣት ድረስ ሃያ ሁለቱም ቆመው ይጠብቁ ነበር። በመጀመሪያው አጋማሽ የታች ሰፈር አንድ አገባ፤ ከዕረፍት በኋላ የላይ ሰፈር መለሰ። የእኅቴ ልጅ ለታች ሰፈር በተከላካይነት ይጫወት ስለ ነበር፥ እኔም ሳላውቀው ከድንጋዩ ላይ እየተነሣሁ መጮኽ ጀምሬ ነበር።

ሊፈጸም ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከላይ ሰፈር አንዱ ኳሷን በኃይል መታት። ኳሷም በቋሚው አጠገብ አልፋ ወደ አቧራው ገባች። እኩሌታው «ገባች» ብሎ ጮኸ፤ እኩሌታው «በውጭ ነው ያለፈችው» አለ። መረብ ስለ ሌለ የሚያስረዳ ነገር አልነበረም፤ ዳኛውም ሩቅ ነበር። ሕዝቡ ወደ ሜዳው መግባት ጀመረ፤ አንዳንዶችም እጅ ሊያነሡ ተቃርበው ነበር። በዚህ ጊዜ ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ ሁሉን ጸጥ ካሰኘ በኋላ፥ በቋሚው አጠገብ ቆሞ ወደ ነበረው ወደ እኅቴ ልጅ ሄደና «ከሁሉ የቀረብህ አንተ ነበርህ፤ ገባች ወይስ ወጣች?» ብሎ ጠየቀው።

ልጁ ወደ ጓደኞቹ አየ፤ ከዚያም ወደ መሬት አየ። በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ገባች» አለ።

ዳኛው ግቡን አጸደቀ፤ ዋንጫውም ለላይ ሰፈር ሆነ። ከታች ሰፈር ተጫዋቾች አንዱ በንዴት መለያውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። በሳምንት ቀን ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው አሠልጣኛቸው ግን ቀረብ ብሎ «አንሥተህ ልበስ፤ የተሸነፍነው በኳስ ብቻ ነው» አለው። ልጁም አንሥቶ ለበሰ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ተሰልፈው እጅ ለእጅ ተጨባበጡ፤ ያሸነፉትም ዋንጫውን ይዘው በሰፈሩ ዞሩ።

ከዚያ ሜዳ ሳይርቅ የልደታ ፍርድ ቤት አለ። በፍርድ አደባባይ የቆመ ምስክር መጽሐፍ መትቶ እውነቱን እንዲናገር ሕግ ያስገድደዋል፤ ቢዋሽም ቅጣት አለበት። ይህ ልጅ ግን መሐላም ቅጣትም ሳይኖርበት፥ ወዳጆቹን በሚያስከፋ ነገር ላይ በገዛ ራሱ እውነትን መሰከረ። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ፥ የሚታገል ሰው እንደ ሥርዓቱ ካልታገለ በቀር አክሊልን እንደማያገኝ አመልክቶታል። አባቶቻችንም በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው እንዳይቆጣ ልማድ አድርገው ነበር። ስለዚህ የጨዋታ ሥርዓት ዛሬ ከውጭ የመጣብን እንግዳ ነገር አይደለም ማለት ነው።

የሰፈር ጨዋታን የሚንቅ ሰው ቢኖር የእግር ኳስን ታሪክ ይመልከት። በዓለም ከአገር አቀፍ የእግር ኳስ ዋንጫ ውድድሮች ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የእንግሊዝ ዋንጫ፥ የመጀመሪያ ፍጻሜው በ1864 ዓ.ም. በሎንዶን ሲደረግ ዋንደረርስ የተባለው ቡድን የጦር ሠራዊቱን መሐንዲሶች 1 ለ 0 አሸንፏል፤ ከተጫዋቾቹም አንዱ ስንኳ ደመወዝ የሚቀበል አልነበረም። በእኛም አገር ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት፥ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የአራዳን ልጆች ሰብስበው ያቋቋሙት የሰፈር ቡድን ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን በራሱ ስም እንዳይጫወት እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ውድድር ሲጀመር ተወዳዳሪዎቹ አምስት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የኢትዮጵያውያን ቅዱስ ጊዮርጊስ፥ የጣልያኖች ፎርቲቱዶ፥ የአርመኖች አራራት፥ የግሪኮች ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ የጦር ሚስዮን ቡድን ናቸው። አሸናፊውም የጦር ሚስዮኑ ቡድን ሆነ።

ከዚያ ጥቂት ጅምር ተነሥቶ በ18 ዓመት ውስጥ የተደረሰበትን ማስታወስ ይገባል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። ቡድኑን ያሠለጠኑት ይድነቃቸው ተሰማ፥ በወጣትነታቸው ለቅዱስ ጊዮርጊስ የተጫወቱ ነበሩ፤ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ ትልቁ ዋንጫ የተገኘው ከትንሹ ሜዳ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከጨዋታው በኋላ ከእኅቴ ልጅ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ ለብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ሄደ። «ተጸጸትህን?» ብዬ ጠየቅሁት። «ጋሼ፥ ገብታ ነበር እኮ፤ ምን ልበል?» አለኝ። ጥቂት ከተራመድን በኋላም «የሚያሳዝነኝ እርሱ አይደለም፤ ሽንፈቱን በሚመጣው ዓመት እንመልሰዋለን። ነገር ግን አሸዋው በየሳምንቱ ይጨምራል፤ ሜዳው እስከዚያ መኖሩን አላውቅም» አለ።

እኔም መልስ አላገኘሁለትም። ነገር ግን ቤቴ ገብቼ ጥቂት ሒሳብ ሠራሁ። የእግር ኳስ ሕግ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ሜዳ ርዝመቱ 90 ሜትር፥ ወርዱ 45 ሜትር ነው፤ ስፋቱም 4,050 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ይህ ግማሽ ሄክታር እንኳ አይሞላም። ለልጆች ጨዋታ ደግሞ ከዚህ እኩሌታው ይበቃል። በአንድ ሰፈር ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖርባቸው ፎቆች ሲሠሩ፥ ይህን ያህል መሬት በፕላኑ ላይ ለይቶ ማኖርና ከተለየም በኋላ ማስከበር ከዐቅም በላይ አይደለም። ዛሬ ባዶ መስሎ የሚታየው መሬት በወረቀት ላይ ሜዳ ተብሎ ካልተጻፈ፥ ነገ ለሌላ ጉዳይ መዋሉ የማይቀር ነው። ቤት በሌላ ስፍራ ሊሠራ ይችላል፤ ከልጆቹ ደጃፍ የራቀ ሜዳ ግን ለትንንሾቹ እንደሌለ ይቈጠራል።

ስለዚህ የከተማን መሬት የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ፕላን ሲፈርሙ የሰፈሩን ሜዳ እንዲያስቡት፥ ካህናት አባቶቻችንም የንስሐ ልጆቻቸውን ሲመክሩ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያ ብቅ ብለው እንዲያዩአቸው እንለምናለን። ልጁ ከጨዋታ ሜዳ ሲጠፋ ወዴት እንደሚሄድ ሁላችንም እናውቃለንና። ሽማግሌ ቆሞ ሲመለከተው ወጣቱ ያፍራል፤ ሲመሰገንም ይበረታል።

ያች የሰፈር ዋንጫ ዋጋዋ ትንሽ ነው። አንድ ልጅ በእርሷ ፊት ቆሞ የተናገረው ቃል ግን ትንሽ አይደለም። በሚመጣው ዓመትም ያው ልጅ፥ በዚያው ሜዳ፥ በዚያው ዳኛ ፊት እንዲቆም ተስፋ እናደርጋለን፤ የሚቻል ከሆነም ለግቡ መረብ እናዋጣለን።