በሰም ጌጣጌጥ መሥራት

በሰም ጌጣጌጥ መሥራት ማለት የሚፈለገውን ቀለበት፣ መስቀል ወይም ጉትቻ መጀመሪያ በንብ ሰም ቀርጾ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን በእሳት ካስወጡ በኋላ እሱ በለቀቀው ባዶ ቦታ የቀለጠ ወርቅ፣ ብር ወይም ነሐስ የማፍሰስ ዘዴ ነው። ሲበርድ ጭቃው ተሰብሮ ጌጡ ይወጣል። ሰሙ ስለፈሰሰ፣ ጭቃውም ስለተሰበረ፣ ከአንድ ቅርጽ የሚገኘው አንድ ጌጥ ብቻ ነው።

ሰምና ወርቅ

የቅኔው «ሰምና ወርቅ» ስሙን ያገኘው ከዚህ የአንጥረኛ ሥራ ነው። በግልጽ የሚሰማው ትርጉም ሰም፣ የተሰወረው ወርቅ ይባላል። ወገዳ የምትገኝበት ስማዳ፣ ጋይንትና እስቴ የቤተ ክህነት ትምህርት አገር ናቸው፤ የጋይንቱ ቤተልሔም በድጓ፣ ከጋይንት በስተ ምሥራቅ ያለው ዋድላ ደግሞ በቅኔ ይታወቃል። ስለዚህ ቃሉን በዚያ አካባቢ የማያውቀው ጥቂት ነው፤ ሥራውን ያየው ግን ከዚያም ያነሰ ነው። ብዙ ሰው ወርቁ በሰም የተለበጠ ይመስለዋል። በአንጥረኛው እጅ ግን ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም፤ ወርቁ የሚገባው ሰሙ ሲወጣ ነው፣ መልኩን ሁሉ ግን ከሰሙ ይወስዳል። በሰሙ ላይ የቀረ የጣት አሻራ እንኳ በወርቁ ላይ ሊታይ ይችላል።

ታሪክ

ዘዴው በዓለም እጅግ ጥንታዊ ነው። በአሁኗ ፓኪስታን፣ መህርጋር በተባለ ቦታ የተገኘ የመዳብ ክታብ 6000 ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በኢትዮጵያ ከመካከለኛው ዘመን የቆዩ ብዙ የነሐስ የመጾር መስቀሎች በሰም የተሠሩ ናቸው። ኋላ ግን ዝርግ ብረት ቀጥቅጦና ቆርጦ መሥራት እየበዛ መጣ። ለብር ጌጥ የሚቀልጠው ብዙውን ጊዜ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር፤ አንዱ 28 ግራም ያህል ይመዝናል።

ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ስለነበር ከቤተሰቡ ውጭ ያለ ሰው በቀላሉ አይማረውም ነበር። ባለእጅን «ቡዳ» ብሎ የማራቅ ልማድም ነበር። ይህ ንቀት ባለሙያውን ከመጉዳቱ በላይ ዕውቀቱ በጥቂት ቤቶች ተዘግቶ እንዲቀር አድርጓል፤ ዛሬ በቤቱ ለመማር የሚፈልግ ሰው የሚቸገረው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ሰሙን ማዘጋጀትና መቅረጽ

ጀማሪ ሊጨነቅ የሚገባው ለእሳቱ ሳይሆን ለሰሙ ነው። የጠጅ ሰፈፍ ወይም የቀፎ እንጀራ በውሃ ይፈላል፣ በጨርቅ ይጠለላል፤ ሲቀዘቅዝ ንጹሑ ሰም ላይ ተንሳፎ ይረጋል። የንብ ሰም የሚቀልጠው በ62 እና በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ስለሆነ በቀጥታ እሳት ላይ ማስቀመጥ አያስፈልግም፤ አደጋም አለው። ሰም የያዘውን ዕቃ በሙቅ ውሃ ውስጥ ማቆም ይበቃል። በደጋ ብርድ ሰም ይሰባበራል፣ ለብ ባለ ውሃ ሲነከር ግን እንደ ሊጥ ይታዘዛል።

ለቀለበት ጣት የሚያክል ለስላሳ እንጨት በውሃ ይረጥብና ሰሙ ይጠመጠምበታል። ለጌጥ የሚሆነው ክር በረጠበ ሰሌዳ ላይ በመዳፍ እየተድቦለቦለ ይቀጥናል፤ በጋለ ወስፌ ጫፍም ይጣበቃል። ብረቱ ሲበርድ ትንሽ ስለሚሰበሰብ፣ በሞረድም ስለሚፋቅ፣ ሰሙ በጥቂቱ ወፈር ማለት አለበት። በመጨረሻ ወፍራም የሰም ዘንግ ይቀጠልበታል፤ ይህ በኋላ የብረቱ መግቢያ ቦይ ይሆናል።

ሰሙ ከቦዩ ጋር ይመዘናል። ለነሐስ የሰሙን 9 እጥፍ፣ ለብር 11 እጥፍ፣ ለንጹሕ ወርቅ 20 እጥፍ ያህል ያስፈልጋል። አንድ ጠገራ ብር እንግዲህ ሁለት ግራም ተኩል ለሚሆን ሰም ይበቃል ማለት ነው።

ጭቃና እሳት

የመጀመሪያው ሽፋን በወንፊት የተነፋ ደቃቅ ሸክላ አፈር በውሃ ቀጥኖ በብሩሽ የሚቀባ ነው። አየር ከተያዘበት በጌጡ ላይ ኪንታሮት የመሰለ እብጠት ይወጣል። በላዩ ጭድ የተቀላቀለበት ወፍራም ጭቃ ይደረጋል፣ በጥላ ሥር ለቀናት ይደርቃል። ከዚያ አፉ ወደታች ተደርጎ ይሞቃል፤ የሚንጠባጠበው ሰም ተጠራቅሞ እንደገና ይሠራበታል። ቅሪቱ ተቃጥሎ እንዲጠፋ ጭቃው እስኪቀላ ይግላል፣ ብረቱም ጭቃው ሳይበርድ ይፈስበታል።

ብር በ962፣ ወርቅ በ1064 ዲግሪ ይቀልጣል። እርጥበት የቀረበት ጭቃ እንፋሎቱ ብረቱን ወደ ፊት ሊረጨው ይችላል። ስለዚህ መቅረጹን በቤት፣ ማቅለጡን ግን ልምድ ካለው አንጥረኛ ጋር፣ በደጅ፣ የዓይን መከላከያና ወፍራም ጓንት አድርጎ መሥራት ይሻላል። ነሐስና ናስ ሲቀልጡ የሚወጣውን ጭስ መሳብም አይገባም።

ጌጡ ሲበርድ ቦዩ በመጋዝ ይቆረጣል፣ በሞረድ ይስተካከላል፣ ይወለወላል። የተቆረጠው ቦይ ለሚቀጥለው ሥራ ይቀልጣል።