ሲገባ ጠባብ፣ ሲወጣ ሰፊ፦ በአፈሙዝ የሚጎርሰው ጠመንጃና የባሩድ ጥቀርሻ

ዛሬ በምናውቀው ጠመንጃ ጥይቱ የሚገባው ከኋላ በኩል ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ግን አብዛኛው ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነበር። ተኳሹ በቅድሚያ ባሩዱን ያፈሳል፤ ቀጥሎም የእርሳስ ጥይቱን አስገብቶ በመጎስጎሻ ዘንግ እየገፋ ከባሩዱ ላይ ያሳርፈዋል። ሥራው ቀላል ቢመስልም በውስጡ ትልቅ ቅራኔ አለ። ጥይቱ በቀላሉ እንዲገባ ከቱቦው ስፋት ማነስ አለበት፤ ሲተኮስ ግን የሚገፋው ጋዝ በጎኑ እንዳያመልጥ ቱቦውን ሞልቶ መውጣት ይኖርበታል። ቅራኔውን የሚያባብሰው ደግሞ ቱቦው ራሱ በእያንዳንዱ ተኩስ እየጠበበ መሄዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቱቦውን የሚያጠበው ምንድን ነው?

ጥቁር ባሩድ በክብደት 75 በመቶ ያህል ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 በመቶ ከሰልና 10 በመቶ ድኝ የያዘ ድብልቅ ነው። ናይትሬቱ ኦክስጅን ይሰጣል፤ ከሰሉና ድኙ ይነድዳሉ። ሆኖም ጥይቱን ወደሚገፋ ጋዝ የሚለወጠው ከባሩዱ ክብደት ከግማሽ ያነሰው ብቻ ነው። የቀረው ፖታሲየም ካርቦኔትን፣ ፖታሲየም ሰልፌትንና ፖታሲየም ሰልፋይድን የመሳሰሉ ጠጣር ውሁዶች ይሆናል። ከእነዚህ ብዙው በጢስ መልክ ሲወጣ፣ ቀሪው በቱቦው ግድግዳ ላይ ይጋገራል።

የዚህ ጥቀርሻ ጠባይ እንደ አየሩ ሁኔታ ይለዋወጣል። ፖታሲየም ካርቦኔት እርጥበትን የሚስብ በመሆኑ፣ በርጥብ አየር ጥቀርሻው ይለሰልሳል፤ በደረቅና በሞቃት አየር ግን እንደ ቅርፊት ይጠነክራል። የሳበው እርጥበት ብረቱን ስለሚያዝግም ጠመንጃው ከተኩስ በኋላ ሳይጸዳ ማደር የለበትም። ጨዎቹ በውኃ ስለሚሟሙ ዋነኛው ማጽጃ ተራ ውኃ ነው። ጥቀርሻው ያገደው ጥይት ከባሩዱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ቢቀርና ቢተኮስ፣ ቱቦው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል።

የሚሰፋው ጥይት

የመጀመሪያው መፍትሔ ክፍተቱን ማስፋት ነበር። ብራውን ቤስ የተባለው የእንግሊዝ ጠመንጃ የቱቦው ስፋት 19 ሚሊ ሜትር፣ የጥይቱ ደግሞ 17.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ለማጉረስ ቢቀልም ዒላማ መምታት ላይ ደካማ ነበር። ቱቦው ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው ጠመንጃ ጥይቱን እያሽከረከረ ስለሚያስወጣ ዒላማውን በተሻለ ይመታል፤ ነገር ግን ጥይቱ ቦዩን አጥብቆ መያዝ ስላለበት ማጉረሱ አዝጋሚና አድካሚ ነበር።

ፈረንሳዊው የጦር መኮንን ክሎድ ኤቲየን ሚኒዬ በ1849 ቅራኔውን የሚፈታ ጥይት አቀረበ። ጥይቱ ሲገባ ከቱቦው ያነሰ ነው፤ መቀመጫው ግን ክፍት ሆኖ በውስጡ ትንሽ የብረት ቆብ ተደርጎበታል። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ ቆቡን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ለስላሳው እርሳስም ተለጥጦ ቦዩን ይሞላል። በኋላ አሜሪካዊው ጄምስ በርተን የብረት ቆቡን አስቀርቶ፣ የጋዙ ግፊት ብቻውን እርሳሱን እንዲለጥጠው አደረገ። ለዚህ እርሳሱ ንጹሕና ለስላሳ መሆን ይኖርበታል፤ ቆርቆሮ ወይም አንቲሞኒ ሲቀላቀልበት ይጠነክራልና።

የአንድ ወረቀት ውፍረት

የ1853ቱ የእንግሊዝ ኤንፊልድ ጠመንጃ የቱቦው ስፋት 14.66፣ የመጀመሪያው ጥይቱ ደግሞ 14.43 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ልዩነቱ ለሁለት ሲካፈል በእያንዳንዱ ጎን የሚቀረው ክፍተት ከ0.12 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ይህም የአንድ ወረቀት ውፍረት ያህል ነው። በዚህ ክፍተት ውስጥ ጥይቱ የተጠቀለለበት ወረቀትም አብሮ ማለፍ ነበረበት። ስለዚህ ወረቀቱ በጥይቱ በኩል በሞራና በሰም ድብልቅ ይነከር ነበር። ቅባቱ ጥቀርሻውን ያለሰልሳል፤ ሰሙ ደግሞ ሞራው በሙቀት ቀልጦ እንዳይፈስ ይይዘዋል።

ይህ ቴክኒካዊ መፍትሔ በሕንድ ያልተጠበቀ መዘዝ አስከተለ። ወታደሩ ባሩዱን ለማፍሰስ ወረቀቱን በጥርሱ መንከስ ነበረበት። በ1857 መጀመሪያ ቅባቱ የላምና የአሳማ ስብ ነው የሚል ወሬ ተሰራጨ፤ የመጀመሪያው ለሂንዱው፣ ሁለተኛው ለሙስሊሙ ነውር ነው። ሚያዝያ ውስጥ በሜሩት ከተማ ከ90 ፈረሰኞች 85ቱ የታደላቸውን ጥይት አንቀበልም አሉ፤ ለእስራትም ተዳረጉ። እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ጓዶቻቸው ዐመፁ። ለታላቁ ዐመፅ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች ቢኖሩትም እሳቱን የጫረው የቅባቱ ጉዳይ ነበር። በሙቀቱ ቱቦው ቶሎ እየታፈነ በማስቸገሩም የጥይቱ ስፋት ወደ 13.97 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲል ተደረገ።

ከአፈሙዝ ወደ ኋላ

ዘላቂው መፍትሔ የመጣው ጥይቱን ከኋላ በማስገባት ነው። በ1866 እንግሊዞች ይኸንኑ ኤንፊልድ ከኋላ እንዲጎርስ ለውጠው ስናይደር አሉት። ሚያዝያ 10 ቀን 1868 (እንደ አውሮፓውያን) ከመቅደላ በታች በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት የገጠመው ይህንኑ መሣሪያ ነበር። በአፈሙዝ የሚያጎርስ ተኳሽ በደቂቃ 3 ጊዜ ያህል ሲተኩስ፣ ስናይደር የያዘው እስከ 10 ጊዜ ሊተኩስ ይችል ነበር። በዚያን ቀን ከቴዎድሮስ ወገን በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲወድቁ፣ ከእንግሊዝ ወገን በቁስል የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። ጥቀርሻው ራሱ የቀነሰው ግን በ1884 ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬ ጢስ አልባውን ባሩድ ከሠራ በኋላ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ በምሕንድስና ውስጥ የመጠን ልዩነት በወረቀት ላይ የተጻፈ አኀዝ ብቻ አለመሆኑን ነው። መሣሪያው የሚሠራበት አየር፣ ከሥራው የሚቀረው ዝቃጭና የሚጠቀምበት ሰው እምነት ጭምር በስሌቱ ውስጥ መግባት አለባቸው።