አሮጌ ዕቃ በአዲስ ዋይፋይ ላይ ለምን ይቆራረጣል?

አዲስ ራውተር በተተከለ ማግስት ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት አቤቱታ ይሰማል። አዳዲሶቹ ስልኮች ያለችግር ይሠራሉ፤ አሥር ዓመት የሞላው ላፕቶፕ፣ ያረጀው ፕሪንተር ወይም ርካሹ ካሜራ ግን ይገባል፣ ይወጣል፣ አንዳንዴም የኔትወርኩ ስም ጨርሶ አይታየውም። ዕቃው ተበላሽቷል ወይም ሲግናሉ ደክሟል ይባላል። ሊሆን ይችላል። ከራውተሩ አጠገብ ተቀምጦም የሚቆራረጥ ከሆነ ግን ምክንያቱ ሁለቱ በሚግባቡበት መንገድ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም።

ዋይፋይ በየጊዜው የሚታደስ የደንቦች ስብስብ ነው። የመጀመሪያው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ ዛሬ ዋይፋይ 4 የሚባለው በ2009፣ ዋይፋይ 5 በ2013 ጸደቁ፤ ለዋይፋይ 6 ምርቶች የምስክር ወረቀት መሰጠት የጀመረው በ2019 ነው። ተከታዩ ትውልድ የቀደመውን እንዲያስተናግድ ተደርጎ ስለሚነደፍ፣ በደንቡ መሠረት አሮጌው ዕቃ መሥራት አለበት። ክፍተቱ ያለው በሌላው ወገን ነው። ራውተሩ የድሮውን ደንብ ያውቃል፤ አሮጌው ዕቃ ግን እሱ ከተሠራ በኋላ የተጨመረውን ሊያውቅ አይችልም።

ክፍተቱ መጀመሪያ የሚታየው ራውተሩ ስለራሱ በሚያውጀው መልእክት ላይ ነው። ራውተር በሰከንድ አሥር ጊዜ ያህል ስሙን፣ የሚሠራበትን ቻናል ማለትም የሬዲዮ መስመሩን፣ የሚቀበለውን የምስጠራ ዓይነትና ችሎታዎቹን ዘርዝሮ ያሰራጫል። ተቀባዩ የማያውቀው ክፍል ሲያጋጥመው ዘሎት እንዲያልፍ ይጠበቃል። በጥንቃቄ ያልተጻፈ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከዋይፋይ ካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም፣ ግን እዚያ ላይ ይደናገርና መልእክቱን በሙሉ ይጥለዋል። በሰፊው የታወቀው ምሳሌ የኢንቴል ነው፦ 7260ን የመሳሰሉ ካርዶች ድራይቨራቸው ካረጀ የዋይፋይ 6 ኔትወርክ ስም አያሳዩም። ኩባንያው ያቀረበው መፍትሔ ድራይቨሩን አፕዴት ማድረግ ነው፤ ካርዱ መቀየር አያስፈልገውም።

ስም አለመታየት ሌላም ምክንያት አለው፤ ይህኛው እኛን በቅርብ ይነካናል። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ በአብዛኛው ዓለም ከ1 እስከ 13 ያሉ ቻናሎች ይፈቀዳሉ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ 11 ላይ ያቆማል። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣው ላፕቶፕ፣ አዲስ አበባ ያለው ራውተር 12 ወይም 13 ላይ ካረፈ ኔትወርኩን ሊያየው አይችልም። ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ የተተወ ራውተር ደግሞ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እንደገና ይመርጣል። ትናንት የሠራው ላፕቶፕ ዛሬ ማንም ሳይነካው የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ስሙ እየታየ አልገባ ሲል ጥርጣሬው ወደ ምስጠራ ይዞራል። ደብሊውፒኤ2 የሚባለው የጥበቃ ደንብ በ2004፣ ደብሊውፒኤ3 በ2018 መጡ። አዲሱ፣ ከኔትወርኩ ውጣ የሚለው ትእዛዝ ሳይቀር በቁልፍ እንዲጠበቅ ያስገድዳል፤ ቀድሞ ያንን ትእዛዝ ማንም አስመስሎ ሊልከው ይችል ነበር። ብዙ ራውተሮች ሁለቱን ቀላቅለው በአንድ ስም ያቀርባሉ። ቅይጡ ለአብዛኛው ዕቃ ይሠራል፤ አንዳንድ ፕሪንተርና ካሜራ ግን በቅይጡ ይሰናከልና የይለፍ ቃሉ ስህተት ነው ይላል። ባለቤቱም ትክክለኛውን ቃል ደጋግሞ ሲጽፍ ይውላል።

ገብቶ የሚወጣ ዕቃ ሌላ ጉዳይ ነው። አዳዲስ ራውተሮች 2.4 እና 5 ጊጋኸርዝን በአንድ ስም ሸፍነው ዕቃውን ይሻለዋል ወዳሉት ሞገድ ያዛውሩታል። መጀመሪያ በመልእክት ይጠይቁታል፤ መልእክቱ የማይገባው አሮጌ ዕቃ ባለበት ይቆያል፤ አንዳንድ ራውተር ታዲያ እንዲዛወር ብሎ ግንኙነቱን ይቆርጥበታል። ዕቃው ተመልሶ ይገባል፤ እንደገና ይቆረጣል።

ስለዚህ የሚቋረጥበትን ሰዓት መመዝገብ ዋጋ አለው። ልክ በየሰዓቱ የሚወጣ ከሆነ የጋራ ቁልፉን መጠርጠር ይገባል፦ ራውተሩ ለሁሉም በአንድነት የሚልከውን መረጃ የሚቆልፍበትን ቁልፍ በየጊዜው ይቀይራል፤ በብዙዎቹ ላይ በየሰዓቱ። ባትሪ ለመቆጠብ ያንቀላፋ ዕቃ የቅያሬው መልእክት ካመለጠው ይባረራል። ሰዓቱ የማይጨበጥ ከሆነ ግን ሞገድ ማዛወሩ ይበልጥ ያስጠረጥራል። በ5 ጊጋኸርዝ ላይ ደግሞ ከ52 እስከ 144 ባሉት ቻናሎች ራውተሩ ራዳር ሲሰማ ቻናሉን የመልቀቅ ግዴታ አለበት፤ ተከትሎት ያልሄደ ዕቃ ይቀራል።

ሴቲንግ ሲነካ አንድ በአንድ ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከተለወጠ የሠራው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። ከዚህ ሁሉ በመነሣት የማምንበት አደረጃጀት ለአሮጌዎቹ የተለየ ስም መክፈት ነው፦ በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ፣ በደብሊውፒኤ2 ብቻ፣ እርስ በርስ በማይደራረቡት በ1፣ በ6 ወይም በ11 ቻናል ላይ፣ በጠባቡ የ20 ሜጋኸርዝ ስፋት። ራውተሩ ከፈቀደ በዚህ ሞገድ ላይ ዋይፋይ 6ን ማጥፋትም ይረዳል። አዳዲሶቹ ዕቃዎች በ5 ጊጋኸርዝ ከተሻለው ጥበቃ ጋር ይቆያሉ። ለአንድ ፕሪንተር ሲባል የቤቱን ሁሉ ጥበቃ ዝቅ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ከነጭራሹ በ1997ቱ ዌፕ ካልሆነ አልገባም የሚል ዕቃ ደግሞ ከዋይፋዩ ውጭ ቢሆን ይሻላል፤ ያ ምስጠራ ከ2001 ጀምሮ የሚሰበር መሆኑ በይፋ ታይቷል።

የተለየው ስም የእንግዳ ኔትወርክ ከሆነ አንድ ነገር መታየት አለበት። የእንግዳ ኔትወርክ ዕቃዎችን ከዋናው ኔትወርክ የመለየት ልማድ ስላለው ፕሪንተሩ ሳይቆራረጥ እየሠራም ላፕቶፑ ላያገኘው ይችላል። ይህን መለያ ማጥፋት ካልተቻለና ፕሪንተሩ የኬብል መሰኪያ ካለው፣ በኬብል ከራውተሩ ጋር ማገናኘት ነው።