ቀይዋ መብራት ከበራች እንዳትነዳት

ቮልስ ለገዛ ሰው፣ የቀድሞው ባለቤት ከቁልፉ ጋር ሊያስረክበው የሚገባ አንድ ምክር አለ፤ ቀይዋ መብራት ከበራች እንዳትነዳት። በሌላ አሮጌ መኪና ላይ ያች መብራት የምትናገረው ባትሪው መሞላት ማቆሙን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሾፌሩ ራዲዮኑን ዘግቶ፣ ባትሪው ባለው ጉልበት ቀስ እያለ ጋራዥ ሊደርስ ይችላል። ቮልስ ግን እንዲህ ያለ ፋታ ላትሰጥ ትችላለች።

ምክንያቱ ከኋላ ኮፈኑ ሥር ይታያል። ቮልስ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው። ንፋሱን የሚገፋው ማራገቢያ የታሰረው ደግሞ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ነው። ከሞተሩ የሚነሳ አንድ ቺንጋ ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞውም ማራገቢያውን ይዞ ይዞራል። ቺንጋው ከተበጠሰ ኤሌክትሪኩም ንፋሱም አብረው ቀሩ ማለት ነው። ያኔ «ትንሽ ልንዳት» ያለ ሰው የሞተር እድሳት ሒሳብ ይጠብቀዋል።

ስለዚህ በመጀመሪያ ዳር ይዞ ሞተር ማጥፋት፣ ቀጥሎ ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ማየት ነው። ቺንጋው በቦታው ሆኖ ጠበቅ ካለና ዲናሞው በደንብ የሚዞር ከሆነ፣ ጣጣው የኤሌክትሪክ ነው።

በዲናሞ ውስጥ የሽቦ ጥቅል በመግነጢስ መካከል ይሽከረከራል። የሚፈጠረው ኤሌክትሪክ የሚወጣው ዘንጉ ላይ በተደረደሩ የመዳብ ቅጠሎች በኩል ሲሆን፣ ሁለት ካርቦኖች በስፕሪንግ ተገፍተው እዚያ መዳብ ላይ ሳያቋርጡ ይፋተጋሉ። ካርቦን ደግሞ እንደ ጠመኔ እየተፋቀ ያልቃል። በኋላ መኪና ሠሪዎች በዲናሞ ፋንታ ፊታቸውን ወደ አልተርኔተር አዞሩ። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 በቫሊያንት መኪናው ላይ አስገባው፤ ቮልስ ግን ዲናሞዋን እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ይዛ ቆየች። የመጨረሻዋ ቮልስ በሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እስከዚያ ድረስ የተመረቱት ከ21 ሚሊዮን በላይ ናቸው። ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ እያለ ጣልያንኛውን አማርኛ ባደረገው የአዲስ አበባ ጋራዥ ዛሬም የሚያውቋት እጆች አሉ፤ መለዋወጫ የሚፈልግም ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይወርዳል።

ዲናሞ ከማውረድ በፊት ግን ጥፋተኛው እሱ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዲናሞውን የሚቆጣጠረው የሬጉላቶሩ ሆኖ ይገኛል። ሙከራው ቀላል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ሁለቱ ሽቦዎች ከዲናሞው ይነቀሉና «ዲ ኤፍ» የሚለው ጫፍ በአጭር ሽቦ ከዲናሞው አካል ጋር ይያያዛል። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ፣ «ዲ ፕላስ» በሚለው ጫፍና በአካሉ መካከል ቴስተር ይደረጋል። ትንሽ ነዳጅ ሲሰጠው ባለ 12 ቮልቱ ዲናሞ ከ12 በላይ ካሳየ ጤነኛ ነው። ሙከራው ከጥቂት ሰከንድ ማለፍ የለበትም፤ ሬጉላቶር ያልተቆጣጠረው ዲናሞ ልክ ስለማያውቅ ራሱን ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት በአብዛኛው ባለ 6 ቮልት ስለሆኑ፣ ቁጥሩን እንደዚያው መቀነስ ነው።

ዲናሞው ምንም ካልሰጠ መጀመሪያ የሚታዩት ካርቦኖቹ ናቸው። ዲናሞው ሳይወርድ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ይቀየራሉ። የላይኛው በቀላሉ ይወጣል። የታችኛው ግን ለዓይን አይታይም፤ ትንሽ መስታወት፣ ጫፉ የታጠፈ ሽቦና ከሁሉም በላይ ትዕግሥት ይጠይቃል። የላይኛውን ብቻ ቀይሮ የሚያስረክብ ሰው ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ተወው ማለት ነው።

መዳቡ ተቦርቡሮ ወይም ኩሽኔታው እያንሿሿ ከሆነ ግን ዲናሞው መውረዱ አይቀርም። ማራገቢያውን የያዘው ትልቅ ዳዶ 36 ቁጥር ቁልፍ ይፈልጋል። ዘንጉ ቶርኖ ቤት ሄዶ መዳቡ ይስተካከላል፤ በመዳብ ቅጠሎቹ መካከል ያለው መከላከያም ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ተደርጎ ይጫራል፤ አለበለዚያ አዲሱን ካርቦን ቶሎ ይበላዋል።

ተጠግኖ የተገጠመ ዲናሞ አንዳንዴ ዝም ይላል። ኤሌክትሪክ ማመንጨት የሚጀምረው በብረቱ ውስጥ በቀረች ጥቂት መግነጢስ ስለሆነ፣ እሷ ከጠፋች ወይም ከተገለበጠች መቀስቀሻ ያስፈልገዋል። ሽቦዎቹ እንደተነቀሉ፣ ቺንጋው ወልቆ፣ «ዲ ኤፍ» ከአካሉ ጋር ይያያዝና ከባትሪው ፖዘቲቭ የመጣ ሽቦ ለጥቂት ሰከንድ «ዲ ፕላስ»ን ይነካል። ጤነኛ ዲናሞ በዚያች ቅጽበት እንደ ሞተር ቀስ ብሎ መዞር ይጀምራል፤ መካኒኩም ሥራው መያዙን በዓይኑ ያያል።

የሚቀረው ቺንጋው ነው። የሚጠብቀውና የሚላላው በፑሊው ሁለት ግማሾች መካከል ያሉትን ስስ ቀለበቶች በመቀነስና በመጨመር ነው፤ የወጡት አይጣሉም፣ ከውጭ በኩል ከዳዶው ሥር ይቀመጣሉ። በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ከገባ ልክ ነው። ከዚያ ቁልፍ ይዞራል፣ ሞተሩ ይነሣል፤ ቀይዋ መብራት በሚኒሞ ላይ ብልጭ ድርግም ልትል ትችላለች፣ ዲናሞ በዝግታ ሲዞር ብዙም አይሰጥምና። እግር ነዳጁን ትንሽ ሲነካው ትጠፋለች።