ስለ እግራችንና ጫማ ስለሚሰፋልን እጅ

ወንጌላዊው ቅዱስ ማርቆስ ወደ እስክንድርያ ከተማ በገባ ጊዜ የጫማው ማሰሪያ ተበጠሰበት፤ ያሠራውም ዘንድ ወደ አንድ ጫማ ሰፊ ሄደ። አንያኖስ የሚባለው ይህ ሠራተኛ ጫማውን ሲሰፋ ወስፌው እጁን ወጋውና ከሕመሙ ብዛት የተነሣ የአንድ አምላክን ስም ጠርቶ ጮኸ። ቅዱሱም እጁን ከፈወሰለት በኋላ፥ ሳያውቀው ስለ ጠራው ስለ አንድ አምላክ አስተማረው። አንያኖስም ከነቤተ ሰቡ ተጠመቀ፤ ኋላም ከቅዱስ ማርቆስ ቀጥሎ በእስክንድርያ መንበር ተቀመጠ። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የተጻፈው ይህ ነገር ሁለት ቁም ነገር ያሳስበናል፤ ይኸውም መንገደኛ ሐዋርያ እንኳ ቢሆን ደኅና ጫማ የሚያስፈልገው መሆኑንና ጫማ የሚሰፋ እጅ የተናቀ እጅ አለመሆኑን ነው።

«ስለ ጫማ ደግሞ ምክር ያስፈልጋልን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ ግን በባሕር ዳር ገበያና በጣና ዳርቻ መንገዶች የምናየው ነገር ይህን እንድንጽፍ አስገድዶናል። በቅዳሜ ገበያ ማለዳ ከገጠር የሚመጡትን ብንመለከት፥ ጫማቸውን በእጃቸው ወይም በዱላቸው ጫፍ አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ተጉዘው፥ ከከተማው ዳር ሲደርሱ ብቻ የሚጫሙ አሉ። ጫማው እንዳያልቅ ተጠበቀ፤ እግሩ ግን አልተጠበቀም።

የባዶ እግር ጉዳት

በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ ብዙ ሰዎችን የሚያሠቃይ የእግር እብጠት አለ፤ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል። በዚህ ስም የሚጠሩት በሽታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛውን ቢንቢ የምታስተላልፈው ትል ያመጣዋል። ሁለተኛውና በደጋው አገር የሚገኘው ግን ከአፈር የሚመጣ ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረው ቀይ ሸክላማ አፈር እጅግ ደቃቅ የሆኑ ቅንጣቶች አሉት፤ እነዚህም በባዶ እግር ቆዳ ዘልቀው እየገቡ፥ በትውልዳቸው ለበሽታው በተጋለጡ ሰዎች ላይ ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ሥሮች ያቈስላሉ፤ ይደፍናሉም። እግሩም ከዓመት ወደ ዓመት እያበጠ፥ ቆዳው እየሻከረ፥ አልፎ አልፎም ትኩሳትና ብርቱ ሕመም እያመጣ ሰውየውን ከእርሻው ያስቀረዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን ባደረጉት ምርምር የበሽታው ምክንያት አፈሩ መሆኑን አስረድተዋል።

በሽታው የሚበረታው ከፍታው ከ1,000 ሜትር በላይ በሆነና በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናም በሚወርድበት አገር ነው። በ2005 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ በተደረገው ጥናት በሽታው በ345 ወረዳዎች እንደሚገኝ ታውቋል። በጎጃምም በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች በተደረገው ቆጠራ፥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ከ100 ሰዎች 3 ያህሉ በዚሁ ሕመም ተይዘው ተገኝተዋል።

ይህ በሽታ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እንዲህ ሆኖ ሳለ እግሩ ያበጠውን ሰው ከማዕድ የሚያርቁ፥ ልጁንም ለጋብቻ የማይፈልጉ ብዙዎች ናቸው። ሌላው ቀርቶ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ውስጥ አጠገቡ መቆምን የሚጸየፉ አሉ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር በእጁ አጥቦ ሳለ፥ በጸሎተ ሐሙስም የሕፅበተ እግርን ሥርዐት እያየን፥ የታመመ እግርን ብንጸየፍ ምን መልስ ይኖረናል? ለታመመውም ቢሆን ተስፋ አለ። በ2010 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመው የምሥራቅ ጎጃም ጥናት፥ እግርን በየቀኑ በውሃና በሳሙና ማጠብ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ ካልሲና ጫማ ማድረግ በየጊዜው የሚነሣውን ትኩሳትና ሕመም እንደሚቀንሰው አሳይቷል።

በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖር፥ በእግር ቆዳ ገብቶ በአንጀት ውስጥ ደም የሚመጥ ትልም አለ፤ ይህንንም ጫማ ይከላከላል። በሐይቁ ዳር ከቀንድ አውጣ የሚወጣውን የቢልሃርዝያ ትል ግን፥ ውሃ ውስጥ ለሚገባ ሰው ጫማ ብቻውን አይከለክልለትም።

በቤት ውስጥ የሚቀድመው ማን ነው?

ስለዚህ የቤቱ አባትና እናት ጫማ ለመግዛት ገንዘብ ባገኙ ጊዜ በመጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ጥያቄ፥ «ከመካከላችን አፈር የሚረግጠው ማን ነው?» የሚለው ነው። በብዙ ቤት ሁለተኛው ጫማ የሚገዛው አንድ ላለው ሰው ነው። ከብት የሚጠብቀው ልጅ፥ ውሃ የምትቀዳው ልጅ፥ በቤታችን ተቀጥራ የምታገለግለንም እኅት በባዶ እግራቸው ይውላሉ። ጫማ ከእነርሱ ሊጀምር ይገባዋል እንላለን። በሽታው ዓመታት ቈይቶ የሚገለጥ ስለሆነ፥ በሕፃንነት የተሸፈነ እግር በጕልማሳነት ይድናል።

ልኩን ስለ ማወቅ

በጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮማ አደባባይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን አስደነቀ። ነገር ግን ይህን ያደረገው ጫማን ንቆ አልነበረም፤ ለእግሩ የሚመች ጫማ ስላላገኘ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የሚስማማውን ጫማ አድርጎ ሮጠ፤ በዚያም አሸነፈ። ከዚህ የምንማረው፥ የሚያቈስል ጫማ ምንም ያህል አዲስ ቢሆን ጫማ አለመሆኑን ነው።

እግር ቀኑን ሙሉ ሲሄድ ስለሚውል ወደ ማታ ጥቂት ያብጣል፤ ጫማም መለካት የሚገባው በዚያን ጊዜ፥ በምናደርገው ካልሲ፥ ቆመን፥ በሁለቱም እግሮቻችን ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል አይደሉምና ልኩ ለትልቁ ይሁን። ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይተርፍ። ተረከዝ እየወጣ አይንሸራተት። ሶሉ መተጣጠፍ የሚገባው በጣቶቹ ሥር ነው፤ በወገቡ የሚታጠፍ ጫማ እግርን ያደክማል። እጅን ወደ ውስጥ አግብቶ የወጣ ሚስማርና ሻካራ ስፌት መኖሩን መዳሰስ ይገባል። ሻጩ «ሲጫሙት ይሰፋል» ቢል፥ ቆዳ ጥቂት ይለሰልሳል እንጂ ያጠረ አይረዝምም።

ለልጅ «ሲያድግ ይደርስበታል» ብሎ እጅግ ሰፊ ጫማ መግዛት ልጁን ያደናቅፈዋል፤ የጠበበውም ጣቶቹን ያጣምማል። ስለዚህ በየጥቂቱ ወር ልኩን ማየት ያሻል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ እግሩ ሕመም ላይሰማው ስለሚችል ጫማውን ሳይፈትሽ አያጥልቅ፤ እግሩንም በየማታው ይመልከት።

ለየሥራውም የሚስማማ ጫማ አለ። ከአሮጌ ጎማ የሚሠራው በረባሶ ጽኑ ነው፤ እሾህና ድንጋይ ይመክታል፤ ሆኖም ከላይ ክፍት ስለሆነ ጭቃውን አያስቀርም። ኮንጎ ጫማ ርካሽና ውሃ የማያስገባ ስለሆነ ለክረምት እርሻ ይረዳል፤ ነገር ግን እግርን ስለሚያልብ ካልሲ አድርጎ መልበስና ማታ ማታ ማጠብ ይገባል። ለከተማ ሥራ አየር የሚያስገባ የቆዳ ጫማ ይመረጣል። ወደ ጢስ ዐባይ ፏፏቴ ወይም በዘጌ ደን ወደ ገዳማቱ ለሚሄድ፥ መንገዱ ሥርና ድንጋይ የበዛበት፥ በዝናምም የሚያንሸራትት ነውና፥ ሶሉ ጥርስ ያለው፥ ተረከዝን አጥብቆ የሚይዝ ዝቅ ያለ ጫማ ያስፈልገዋል። የረጠበውን ጫማ በእሳት ዳር ሳይሆን በጥላ ማድረቅ ዕድሜውን ያረዝማል።

ማን ሠራው?

ነቢዩ አሞጽ ችግረኛውን በአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ የሚሸጡትን ገሥጿል። እኛስ ጫማ በምንገዛበት ጊዜ ሰውን በርካሽ እንዳንገዛ እንጠንቀቅ። ቆዳ የሚያለፋውን ወገናችንን «ፋቂ» እያልን ስንንቀው ኖረናል፤ ይሁን እንጂ ቅዱስ ጴጥሮስ በኢዮጴ ብዙ ቀን የተቀመጠው በቍርበት ፋቂው በስምዖን ቤት ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል። የሠራውን ተጫምቶ ሠሪውን መናቅ ለክርስቲያን አይገባም።

ስለዚህ ከሻጩ እንጠይቅ፤ ጫማውን የሠራው ማን ነው? በዕድሜው ልጅ ነውን? ሶሉ ባለቀ ጊዜ ሊቀየር ይችላልን? በስፌት የተያያዘ ጫማ በጎዳናው ዳር በሚቀመጠው ጫማ ሰፊ እጅ ብዙ ጊዜ ይታደሳል፤ በሙጫ ብቻ የተጣበቀው ግን ቶሎ ይጣላል። በዋጋም ስንከራከር የሰፊውን የድካም ዋጋ እስከ ማሳጣት አንድረስ፤ የሊስትሮውንም ልጅ ሒሳብ «ነገ» ብለን አንለፈው። እንዲሁም በክሮም ጨው የሚለፋ ቆዳ የሚወጣበት ውሃ ሳይጣራ ወደ ወንዝ ቢለቀቅ ዓሣውንና ጠጪውን ይጎዳል። ዐባይ ከጣና ተነሥቶ በከተማችን አጠገብ ያልፋልና፥ ሐይቁም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ጥብቅ የሕይወት ክልል ሆኖ ተመዝግቧልና፥ የውሃውን ንጽሕና መጠየቅ የሁላችንም ግዴታ ነው።

በመጨረሻ፥ «በቤተ መቅደስ ደጅ ጫማ እናወልቅ የለምን?» ለሚሉ እንመልሳለን። በእርግጥ እናወልቃለን፤ ሙሴም በተቀደሰው ስፍራ እንዲያወልቅ ታዟል። ነገር ግን ሙሴ ያወለቀው በእግሩ የነበረውን ጫማ ነው። በዑራ ኪዳነ ምሕረት ደጅ ለአክብሮት ጫማውን የሚያወልቅ ምእመን፥ ሲመለስ እግሩን ታጥቦና አድርቆ ይጫማል። በባዶ እግሩ መጥቶ በባዶ እግሩ የሚመለሰው ወንድማችን ግን የሚያወልቀው የለውም። በሚቀጥለው በዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከደጁ የተደረደረውን ጫማ ብቻ ሳይሆን፥ ጫማ ሳያስቀምጡ የገቡትንም እንቍጠር፤ ከመካከላቸውም ለአንዱ ልኩን ጠይቀን እንግዛለት። እግዚአብሔር አካሄዳችንን ያቅናልን።