ሚዛኑ አጠገብ የሚቆሙት

ሮቦቱ ሚዛን ላይ ሲወጣ ልጆቹ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ቁጥሩ ከተፈቀደው በአንድ ኪሎ በልጧል። ስንት ሳምንት ያመሹበት ሥራ ነው፤ የመጀመሪያው ግጥሚያ ደግሞ ደርሷል። ፈታሹ በጎ ፈቃደኛ «አላለፋችሁም» ብሎ አይሸኛቸውም። አብሯቸው ጎንበስ ይልና «ልጆች፣ ይቺ ላሜራ ምን ትሠራለች? ብንበሳሳት ጉልበቷን ታጣለች?» ይላቸዋል። አንዱ ልጅ መሰርሰሪያ ሊዋስ ወደ ጎረቤት ቡድን ይሮጣል።

ይህ የፈርስት ሮቦቲክስ ውድድር ነው። ፈርስት የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያቋቋመው አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሻየር፣ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ፣ በ28 ቡድኖች ተካሄደ። ጨዋታው በየዓመቱ ይቀየራል፤ አዲሱ በጃንዋሪ ይፋ ይሆናል። ሦስት ሮቦቶች በቀይ፣ ሦስት በሰማያዊ ተሰልፈው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጋጠማሉ፤ መጀመሪያ ላይ ለጥቂት ሰከንዶች የሰው እጅ ሳይነካቸው በተጻፈላቸው ፕሮግራም ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። በማጣሪያው ዙር ጠዋት አጋር የነበረ ቡድን ከሰዓት ባላጋራ ሆኖ ይመጣል። መሰርሰሪያውን ያዋሰውም ይህን ያውቃል፤ ያም ሆኖ ያውሳል። ይህን ጠባይ የውድድሩ መለያ እንዲሆን የደከሙት የኤምአይቲው ፕሮፌሰር ዉዲ ፍላወርስ ነበሩ።

ፈታሹ የሚያየው ብዙ ነው። ከ2019 እስከ 2024 በነበሩት ሕጎች ሮቦቱ ያለ ባትሪና ያለ ፓራውልት ከ125 ፓውንድ፣ ማለትም ከ57 ኪሎ ገደማ፣ መብለጥ አይችልም ነበር። ፓራውልቱ ሲጋጩ የሚያበርድ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ጨርቅ የለበሰ ትራስ ነው። ከዚያ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የሾለ ጠርዝ፣ የላላ ብሎን ይታያል። እኔ ይህን ሥራ የምወደው ዓላማው ጥፋት ማደን ስላልሆነ ነው፤ ፈታሽ ደስ የሚለው ሮቦቱ ሁሉ ሜዳ ሲገባ ነው።

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የማውቃቸው ወላጆች «እኔ መሐንዲስ አይደለሁ፣ ምን ልሠራ?» ይሉኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፦ ኑ! ወጣቶች ያሉበት ቦታ ስለሆነ አስቀድሞ የጀርባ ማጣሪያ ይደረጋል እንጂ ዲግሪ የሚጠይቅ የለም። በር ላይ የዓይን መከላከያ መነጽር ማደል፣ ሮቦት የጫኑ ጋሪዎችን በተራ ማሰለፍ፣ ግጥሚያው ሲያልቅ የተበታተነውን መሰብሰብና ሜዳውን ማሰናዳት፤ ይህ ሁሉ ሥራ ሰው ይፈልጋል። ያለ እነዚህ ሰዎች ቀጣዩ ግጥሚያ አይጀመርም።

ላሜራዋ ወንፊት መስላለች። ሮቦቱ እንደገና ሚዛን ላይ ይወጣል፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ፈታሹ የማለፊያውን ምልክት ይለጥፋል። ቡድኑ ጋሪውን እየገፋ ወደ ሜዳ ሲከንፍ፣ ያ ልጅ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል፤ የመሰርሰሪያውን ብናኝ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ወደ ጎረቤቶቹ ይሄዳል።